ሳይመዘግቡ አይንኩ፦ በደብረ ብርሃን ብርድ ሰርቨርን፣ መኪናንና ሰውነትን አብሮ መያዝ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከእርሷ ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከውርጭ ወጥቶ የቆላ ሙቀት ውስጥ ይገባል። እኔ የምተዳደረው በኮምፒውተርና በኔትወርክ ሥራ ሲሆን፣ በሁለቱ ከተሞች ያሉ ሰርቨሮችን (መረጃ ይዘው ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግሉ ኮምፒውተሮችን) ስለምከታተል ይህን መንገድ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ በገዛ መኪናዬ እመላለስበታለሁ። መኪናዋ ያረጀች ናት፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምውል ሰውነቴ ከእርሷ ይሻላል ለማለት አልደፍርም። ስለዚህ ሰርቨሩን፣ መኪናዋንና ልቤን በአንድ ደብተር መከታተል ጀመርኩ። ከዚህ በታች የማቀርበው ይህንኑ አሠራር ነው፤ በዚህ ከፍታ ላይ ለሚኖር ወይም በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው እንዲጠቅም አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ደብተሩ

ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር ይበቃል። ሦስት ቦታ ይክፈሉትና በእያንዳንዱ ክፍል ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የተለካውን ቁጥርና የተደረገውን ነገር ይጻፉ። ዋናው ነገር ምዝገባውን ሁሉም ነገር ደኅና ሳለ መጀመር ነው። ብዙ ሰው ቁጥር መፈለግ የሚጀምረው ዕቃው ከቆመ በኋላ ስለሆነ፣ ያየው ቁጥር የበሽታ ምልክት ይሁን የወትሮው ጠባይ መለየት ያቅተዋል። ለምሳሌ የአንድ ሰርቨር ሙቀት 58 ዲግሪ ነው ቢባል ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ዓመቱን ሙሉ 45 ሲያነብ የኖረ ከሆነ ግን ማራገቢያው በአቧራ መታፈኑን ወይም መቆሙን ይጠቁማል።

ሁለተኛው ደንብ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። መኪናው ጠዋት አልነሣ ያለው ሰው በአንድ ቀን ባትሪም፣ ካንዴላም፣ የነዳጅ ፊልትሮም አስቀይሮ ቢነሣለት፣ ከሦስቱ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ሦስት ነገር እንደገና ይገዛል። ይህ ስንፍና ሳይሆን ጥድፊያ ነው፤ እኔም ራሴ በራውተር ላይ ብዙ ጊዜ ፈጽሜዋለሁ።

ባትሪ

በዚህ አገር ብርድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው ባትሪ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። ቴስተር የሚባለውን መለኪያ ይግዙ፤ ርካሹም ቢሆን ለዚህ ሥራ ይሆናል። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ቁልፍ ሳይነካ፣ በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች ላይ ይለኩ። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካነበበ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ገደማ መቅረቱን ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ ካላነበበ ጥፋቱን በባትሪው ላይ ከመጣልዎ በፊት ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞና እርሱን የሚያዞረውን ቺንጊያ ይመርምሩ። የሊድ አሲድ ባትሪ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከአቅሙ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ በዚያው ሰዓት የሞተር ዘይቱ ወፍሮ ሞተሩን ለሚያስነሣው ሞተሪኖ ሥራውን ያከብድበታል። በዚህ ምክንያት ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ችግር የሚያስነሣ 12.3 ቮልት፣ ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ ማለዳ ሊከዳ ይችላል።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ የፊት መስታወቱ በውርጭ ነጥቶ ሳለ ቁልፉን ባዞር አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ከሰፈር የጠራሁት የመኪና ኤሌክትሪሽያን ኮፈኑን ከፍቶ አየት እንዳደረገ «ጋሼ፣ ይኼ ባትሪ አልቆለታል፤ አዲስ ይገዛ» አለኝ። ደብተሬን ብገልጥ ከሦስት ቀን በፊት 12.6 ተጽፏል፤ ያን ዕለትም ብለካ 12.5 ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ቢደክም እንኳ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሌሊት አይሞትም። ስለዚህ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ምሰሶ አናት ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ምሰሶውን በሚያቅፈው ሞርሴቶ ላይ አድርጌ፣ ኤሌክትሪሽያኑ ቁልፉን እንዲያዞር ጠየቅኩት። በሁለቱ መካከል፣ አንዱ ሌላውን በነካበት ቦታ፣ ከ2 ቮልት በላይ ታየ። ግንኙነቱ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር ከ0.2 ባልበለጠ ነበር። ሞርሴቶውን ብንፈታው ውስጡ ነጭ ዱቄት ለብሶ ተገኘ። ቤኪንግ ሶዳ የተጨመረበት አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ አፍስሰን፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትገን፣ አድርቀን፣ ካሰርነው በኋላ ቫዝሊን ቀባነው፤ መኪናዋም በመጀመሪያው ተነሣች። ይህን ሲሠሩ ኔጌቲቩን መጀመሪያ ይፍቱ፣ ሲመልሱ ደግሞ መጨረሻ ይሰሩ፤ አለበለዚያ መፍቻው የመኪናውን አካል ሲነካ ብልጭታ ይፈጥራል።

ይኸው ዕውቀት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርን ለጥቂት ደቂቃ ለሚያቆየው ለዩፒኤስም ያገለግላል፤ በአብዛኞቹ አነስተኛ ዩፒኤሶች ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የታሸገ ባትሪ የመኪናው ባትሪ ታናሽ ወንድም ነውና። ልዩነቱ ዩፒኤስ ቮልቱን ብቻ አይቶ የማይታመን መሆኑ ነው። በየሦስት ወሩ፣ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) መወሰዱን አረጋግጠው ሶኬቱን ይንቀሉና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይመዝግቡ። ባለፈው ጊዜ 14 ደቂቃ የቆየው አሁን 8 ከቆየ፣ መብራት ጠፍቶ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ባትሪውን የሚገዙበት ጊዜ አለዎት። የእነዚህ ባትሪዎች ዕድሜ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በአንድ ቀን ከገጠምኳቸው ሁለት ዩፒኤሶች የሸዋ ሮቢቱ እጅግ ቀድሞ የደከመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለቆላው ቅርንጫፍ በጀት ሲያዝ ይህ ታስቦ መያዝ አለበት።

ብርድ ማለት ቀዝቃዛ ሰርቨር ማለት አይደለም

ደብረ ብርሃን ውስጥ «እዚህ አየሩ ራሱ ኤሲ ነው» የሚል አባባል ከብዙ ሰው እሰማለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ሙቀትን ከሰርቨሩ ላይ ጠርጎ የሚያወጣው አየር ነው፣ የእኛ አየር ደግሞ ስስ ነው፤ ግፊቱ የባሕር ጠለሉን 70 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ስለሆነም በዘርፉ የተለመደው መመዘኛ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የመግቢያ አየር ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዝዛል። 35 ዲግሪ ይችላል ተብሎ የተጻፈለት ሰርቨር እዚህ ሲመጣ ወደ 28.5 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። ከተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው ክፍል የሚውል ሰርቨር ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፈዋል። መስኮት መክፈት መፍትሔ አይደለም፤ ሙቀቱ ሲወጣ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጉሙ ይገባል። የጣራ አየር ማውጫና ወንፊት ያለው መግቢያ ይሻላል። ሌሊቱን በመኪና የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ያደረ ላፕቶፕ ደግሞ ሞቅ ወዳለ ቢሮ ሲገባ ላብ ስለሚያወጣ፣ ከቦርሳው ሳይወጣ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ይክፈቱት።

ከማጥፋትዎ በፊት ያንብቡ

በሙያዬ እጅግ የሚያስቆጨኝ ልማድ፣ አንድ ነገር እንደቆመ ወዲያው አጥፍቶ ማብራት ነው። ሰርቨሩ ቆመ ሲባል ከሁሉ በፊት ሎጉን (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ያንብቡ፣ የስክሪኑንም ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ምክንያቱም ሪስታርት ሲደረግ ከሚጠፋው ነገር አንዱ ማስረጃው ነው።

በመኪናም ይኸው ይሆናል። የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ በሚነበብበት፣ ከመሪው በታች ባለው የኦቢዲ ሁለት ሶኬት ላይ የሚሰካ አነስተኛ ብሉቱዝ አንባቢ ከስልክ ጋር ይሠራል፤ ያረጁ የቤት መኪኖች ግን ሶኬቱ ስለሌላቸው ሳይገዙ በፊት ያረጋግጡ። የማስጠንቀቂያው መብራት ሲበራ ጋራዥ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ኮዱን ማጥፋት ነው። ከኮዱ ጋር ግን ብልሽቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረው የሞተር ፍጥነት፣ የውኃው ሙቀትና የመሳሰለው አብሮ ስለሚቀመጥ፣ ኮዱ ሲጠፋ ይህም ይጠፋል። አስቀድመው በደብተርዎ ይገልብጡት። ኮዱም አቤቱታ እንጂ ፍርድ እንዳልሆነ ይወቁ፤ ኦክስጅን ሴንሰሩን የሚጠቅስ ኮድ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፣ በተሰነጠቀ የሞተር ላስቲክ ቱቦ የሚገባ አየር ያንኑ ኮድ ያመጣል።

ስለ ባክአፕ የማዝዘው አጭር ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ፤ በወር አንድ ጊዜም ከቅጂው አንድ ፋይል መልሰው ይክፈቱ። ይህን ምክር ለደንበኞቼ ለዓመታት ስሰጥ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሸኖ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ባወርድ ነፋስ አልነበረውም። ከዚያን ዕለት ወዲህ የስኮርታው ነፋስ ከባክአፑ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ይመዘገባል።

ቁልቁለቱ

ጎማ የሚለካው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ማለዳ ከመነሣት በፊት ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው 2 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል አሳንሶ ያነባል፤ አየሩ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ ያንኑ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ይቻቻላሉ። ስሕተቱ የሚፈጠረው ከቁልቁለቱ እንደወረዱ ወዲያው ጎሚስታ ዘንድ ቆመው ሲለኩ ነው። ጎማው በመንገዱና በፍሬኑ ግለት አብጦ ይገኛል፤ ጎሚስታውም «በዝቷል» ብሎ ያስተነፍሰዋል፤ ማግስቱን ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ጎማው ተኝቶ ያገኙታል።

ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ በፍሬን፣ በሞተርና በነፋስ መከላከል መዋጥ ያለበት ኃይል 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥዶ ሁለት ሰዓት ያህል እንጀራ እንደመጋገር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት ለፍሬን ሸራ ብቻ መስጠት አይገባም። ዋሻውን ከማለፍዎ በፊት ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይቀይሩና ሞተሩ እንዲይዝዎት ያድርጉ። ማርሽ አውጥቶ በነጻ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ፤ ከዚህ የከፋ ምክር በዚህ መንገድ ላይ አልሰማሁም። ፍሬኑን ሲይዙ ጠበቅ አድርገው ይያዙና ይልቀቁ እንጂ እግርዎን አስደግፈው አይውረዱ። ከፍታ ላይ ፔዳሉ ከበድ ቢልዎ አይደንግጡ፤ ፔዳሉን የሚያግዘው ቫክዩም በአየር ግፊት ስለሚሠራ እዚያ ላይ እገዛው ያንሳል። እየወረዱ ሳለ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሰመጠ ግን ሌላ ነገር ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይጠጣል፤ ዶት 4 የተባለው አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ሲቆይ፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩት፤ ቀኑንም ይጻፉ።

እኔ ደብረ ሲና ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ሻይ እስኪቀርብ መዳፌን ከየጎማው ቸርኬ ጣት ያህል አርቄ፣ ሳልነካ፣ ሙቀቱን አዳምጣለሁ። አራቱም ሞቅ ብለው ከሆነ ደኅና ነው፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በልጦ ፊትን የሚመታ ግለት ካወጣ ያ ፍሬን ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው። በአንድ የኅዳር ጉዞ የቀኝ የኋላው ጎማ እንዲህ ሆኖ አግኝቼው፣ ሲፈታ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ተጣብቆ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ጓደኞቼ ስለዚህ መንገድ ይጠይቁኛል። የእነርሱ መኪና ያን የምጣድ ሙቀት በከፊል ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ነገር ግን ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መያዙን ይቀንስና ሸክሙ ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ስለዚህ ለቁልቁለቱ ሲነሡ 100 በመቶ አይሙሉት፤ 85 ወይም 90 ይበቃል። ሲመለሱ ግን ዳገቱም ብርዱም ስለሚበላ የሞላ ይዞ መነሣት ግዴታ ነው።

ሌሊት አይንዱ። ጉም በጣርማ በር ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። በሮም በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ እንኳ እግሮቹ ሽባ የሆኑት በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገኑን ሲያሽከረክር በደረሰበት አደጋ ነው።

ሰውነት

የሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያው ቁጥር የዕረፍት የልብ ምት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ቡና ሳይጠጡ፣ ሁለት ጣትዎን በእጅዎ አንጓ ላይ አኑረው ለ30 ሴኮንድ ይቁጠሩና በሁለት ያባዙ። ሩጫ ከመጀመርዎ በፊት ይህን ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። እኔ ስጀምር 76 ነበር። ቴክኖሎጂ እንጀራዬ ቢሆንም ለዚህ ሥራ የእጅ ሰዓትን አላምንም፤ ሰዓቱ የሚለካው በቆዳ ሥር በሚያልፈው ደም ላይ ብርሃን እያበራ ስለሆነ፣ በብርድ ቆዳችን ደሙን ወደ ውስጥ ሲሰበስብ ቁጥሩ ይዘባርቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ወንበር ላይ ለኖረ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቀ 20 ደቂቃ መሥራት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሶምሶማውን ደቂቃ ብቻ ይጨምሩ፤ ፍጥነቱን አይንኩ፤ ሁለቱን አብሮ መጨመር ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን እንደማስቀየር ነው። የልክ መለኪያው ወሬ ነው፦ አብሮዎት ከሚሮጠው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል። ቱርቦ የሌለው መኪና በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እንደሚያጣ ሁሉ እኛም ከአቅማችን የተወሰነውን እናጣለን፤ ቆላ ላይ የሮጡበትን ሰዓት እዚህ አይጠብቁ፣ በስልክ መተግበሪያ ላይ ከባሕር ዳርቻ ሰው ጋርም አይወዳደሩ።

ከፀሐይ መውጫ በፊት አይውጡ፤ ውሻውም ውርጩም ያኔ ይብሳል። አፍና አፍንጫን በሻርፕ መሸፈን ደረቁን ብርድ ያለዝበዋል። አንድ ብርጭቆ በሶ ተበጥብጦ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቢጠጣ ከማንኛውም የታሸገ መጠጥ አይተናነስም። ቁልቁለት መሮጥ ቀላል ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ጭኖችዎ ፍሬን ይሆናሉ፣ ማግስቱንና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ሲያቅትዎ ያውቁታል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሜዳውን ይምረጡ። የጠዋቱ ምት ከወትሮው በ8 ወይም በ10 ከፍ ብሎ ካገኙት እንቅልፍ አጥተዋል፣ ደክመዋል፣ ወይም ሕመም እየጀመረዎት ነው፤ ያን ቀን ይረፉ። ደረት የሚያፍን ሕመም ወይም ራስ ማዞር ከመጣ ደብተር አያስፈልግም፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ደብተሩን በስልክ ለምን አልተካሁትም ብለው የሚጠይቁኝ ሥራ ባልደረቦች አሉ። ስልክ በብርድ ማለዳ 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ይጠፋል፤ ሰርቨሩ በቆመ ጊዜም መዝገቡ በዚያው ሰርቨር ላይ ከነበረ ማንም አያነበውም። ወረቀቱ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ በወር አንድ ጊዜ ገጾቹን ፎቶ አንሥተው ለባልደረባዎ ይላኩ። የሚጽፉትም በእርሳስ ይሁን፤ መኪና ውስጥ ያደረ እስክሪብቶ በታኅሣሥ ማለዳ አልጽፍ ሊል ይችላል።